ከማያንቀላፋው ይልቅ

ስልክ ውስጥ ያለ መተግበሪያ የተጨነቀች ነፍስን ማጽናናት ይችላል? በሲያትል የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነኝ፤ ይህ ጥያቄ የሥራዬም የእምነቴም ጥያቄ ከሆነብኝ ቆይቷል።

ከማስታምማቸው ወጣቶች ብዙዎቹ ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ያለባቸው ናቸው። ስሜታቸው ቶሎ ይግላል፣ ለመብረድ ግን ይዘገያል። ከሁሉ በላይ የሚፈሩት መተውን ነው። ወዳጃቸው ስልክ ሳያነሣ ሲቀር በቃ ተጣልኩ ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ያን ጊዜ ገላቸውን ይቆርጣሉ።

ለዚህ ሕመም በስፋት የሚታወቀው ሕክምና፣ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ፣ የተወለደው እዚሁ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። መሥራቿ ማርሻ ሊንሃን በ17 ዓመቷ ሃርትፎርድ በሚገኝ ሆስፒታል ተኝታ ራሷን ትጎዳ ነበር፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2011 በአደባባይ ተናግራለች። ሕክምናው ታካሚን እንዳለች መቀበልንና እንድትለወጥ መርዳትን አንድ ላይ ይይዛል። ከቀጠሮ ቀን ውጭ ሲጨንቃትም ለቴራፒስቷ መደወል ትችላለች።

መተግበሪያዎቹ የገቡት በዚህ በር ነው። በዚያው በ2011 ሺሪን ሪዝቪና ባልደረቦቿ ይህ ሕመምና የዕፅ ሱስ በተደራረበባቸው 22 ሰዎች ላይ የስልክ ፕሮግራም ሞክረው ነበር። ፕሮግራሙ ስሜት ከሚገፋፋው ተቃራኒውን ማድረግን ያለማምዳል፤ ሰዎቹ ሲጠቀሙበት የስሜታቸው ግለት ቀንሷል። በጀርመን ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ሐኪም መተግበሪያ ያዝዛል፣ የጤና መድኅንም ይከፍላል።

ይህንን አልንቅም። የሀገሬ ልጅ የሆነች አንዲት ታካሚዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምላጩን አስቀምጣ እንድትረጋጋ ፊቷን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የነከረችው ስልኳ ስላስታወሳት ነው። እኔ ተኝቼ ነበር። እግዚአብሔር በውሃም በጭቃም እንደሚፈውስ የሚያምን ሰው በስልክ አይረዳም ሊል አይገባም።

እሷ ግን በሌላ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ሲስተር፣ መተግበሪያው እኮ በእኔ አይሰለችም። ግን መሰልቸት አይችልማ! አንቺ ሰልችተሽኝም ትመጫለሽ።»

ይህን ቃል ይዤ ጌቴሴማኒን አሰብኩ። ጌታ በተጨነቀባት ሌሊት ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብረውት እንዲተጉ ጠየቃቸው። እንቅልፍ የማያውቁ ትጉሃን መላእክት ነበሩት፤ አጠገቡ እንዲሆኑ የፈለገው ግን የደከሙትን ሰዎች ነው። አንቀላፉ። መጥቶ ቀሰቀሳቸው፤ ደግመው አንቀላፉ፤ እሱም ደግሞ ተመለሰ። ከዚህ የተማርኩት፣ አብሮ መሆን ስጦታ የሚሆነው እምቢ ማለት፣ መድከም፣ መሄድ ከሚችል ሲመጣ እንደሆነ ነው። መሄድ የማይችለውን ነገር አብሮኝ ቆየ ብዬ አላመሰግነውም።

የዚህች ልጅ ቁስል ከሰው የመጣ ነው። ሰዎች ተቆጡ፣ ሄዱ፣ አልተመለሱም። ስለዚህ መዳኛዋ፣ ሰው ተቆጥቶም ሊመለስ እንደሚችል ደጋግማ ማየት ነው። ማክሰኞ ትጮህብኛለች፣ እኔም ፊቴ ይጠቁራል፤ ሐሙስ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። ይህንን ፊቱ ሊጠቁር የማይችል መሣሪያ ሊያስተምራት አይችልም። የነፍስ አባትም ቢሆኑ የሚያጽናኑን ምክር ስለሰጡን ብቻ አይደለም፤ ገመናችንን ካወቁ በኋላም በራችንን ማንኳኳት ስላላቆሙ ጭምር ነው።

የምፈራው መተግበሪያው የሰውን ቦታ እንዲይዝ መደረጉን ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ለመቆጠብ የሚፈልግ ተቋም፣ የሚያደክም ዘመድ ያለው ቤተሰብ፣ እጸልይልሃለሁ ብሎ የማይደውል ምእመን፣ ሁላችንም በመተግበሪያው ልናሳብብ እንችላለን። መተግበሪያውን እንስጣት፤ ሌሊቱን ያሻግራት። ሲነጋ ግን የሚደክም፣ የሚሰለች፣ ቢሆንም የሚመጣ ሰው ይገባታል፤ ያንን ሰው መሆን የእኛ ዕዳ ነው።