የደግ እናት መታሰቢያ

በልደታ ሠፈር ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር እናቶች ከደጅ ወጥተው ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ጎረቤቱም መንገደኛውም ይቀምሳል። ያች ድስት ለአንድ ቤት ብቻ የተጣደች አይደለችምና። ይህን ባየን ጊዜ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩትን ወይዘሮ አበበች ጎበናን እናስባለን።

እኒህ እናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ፣ ረኃብ በጐዳው በወሎ ምድር እናቷ የሞተችባትን ሕፃን አገኙ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ልጆቹ 21 ደረሱ። እነርሱን ላለመተው ሲሉ የደላ ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡም አሳደጓቸው።

የእናት ሥራ ዕለት ዕለት የሚበላ ስለ ሆነ ቶሎ ይረሳል። እንጀራው ያልቃል፤ በእርሱ ያደገው ሰው ግን ይቀራል። እንግዲህ ለእናቶቻችን ተዝካር ስናወጣ የጠገበውን ብቻ ጠርተን ለስማችን ብንደግስ፣ ያሰብነው ራሳችንን እንጂ እነርሱን አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሑን አምልኮ ወላጅ የሌላቸውን ከመጠየቅ ጋር አያይዞ አስተምሮናልና፣ ጸሎተ ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ይድረስ፤ ከመሶቡም አስቀድሞ እናት ለሌለው ልጅ ይቈረስለት። ሟቿ በሕይወት ብትኖር በመጀመሪያ የምታጎርሰው እርሱን ነበርና።

እግዚአብሔር የእናቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን፤ አሜን።