ሁለት ፊደል

ባለፈው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በኋላ እዚህ አማን ቡና እየጠጣን ክርክር ገጥመን ነበር። ጥያቄው «በስልክ አጭር መልእክት ስንጽፍ ፊደል መቆጠብ ብልኃት ነው ወይስ ስንፍና?» የሚል ነው። ቡናው በረካ ደርሶ ክርክራችን ገና አቦል ላይ ነበር።

የቆጣቢዎቹ ወገን መከራከሪያ የዋዛ አልነበረም። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። እርግጥ ፊደላችን አናባቢውን አዝሎ ስለሚሄድ «ሰላም» በሦስት ያልቃል፤ በላቲን አምስት ይፈጃል። ቢሆንም ይህ ትርፍ የ70ንና የ160ን ልዩነት አይሞላም። ስለዚህ ቆጣቢው በላቲን ይጽፋል፤ ያም አልበቃ ሲለው አናባቢዎቹን ይጥላል።

«እናንተስ ሰ/ት/ቤት፣ ቤ/ክ፣ ዓ.ም. እያላችሁ አይደለም እንዴ የምትጽፉት?» አሉን። (መልስ አጣን።) አንዱማ የዜማውን ምልክት አነሣ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ደረሱት የሚባለውን፣ ከቃል ላይ አንድ ሁለት ፊደል እየተወሰደ ከንባቡ በላይ በትንንሹ የሚጻፈውን።

በዚህ ጊዜ እስከዚያ ዝም ብሎ የነበረው የቴፒው ወንድማችን ተናገረ። ባለፈው ኅዳር አባቱ ለሕክምና ጅማ ሄደው ሳለ፣ አንድ ማታ ከታናሽ እኅቱ መልእክት ደረሰው፤ «አባባ» ይልና ኤም እና ቲ ይከተላል። ሌላ የለም። ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። «መጡ» ነው ወይስ «ሞቱ»? በጥድፊያ ለሚጽፍ ሰው «ጠ»ም «ተ»ም ያው ቲ ናቸው፤ አናባቢው ከተጣለ ደግሞ የመጣና የሞተ አይለይም። ወንድማችን በማደሪያው ኮሪደር ሲመላለስ ነጋ። ማልዶ መነኻሪያ ሄዶ የመጀመሪያውን መኪና ተሳፈረ። ቤት ሲደርስ አባቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቡና ይለቅማሉ። «ምነው፣ ትምህርት የለም እንዴ?» አሉት።

በሳቅ ፈረስን፤ እሱ ግን አልሳቀም። በኋላ ቆጠርነው፤ በድምፅ በሚጻፈው የአማርኛ ሰሌዳ «መጡ» ለማለት አራት ጊዜ መንካት ነው፤ እኅቱ የነካችው ሁለቴ። ሁለት ንክኪ አተረፈች፤ እሱ አንድ ሌሊትና የመኪና ሒሳብ ከፈለ።

ታዲያ የዜማው ምልክት ለምን እንዲህ አያደርገንም? ዜማውን በቃሉ ለያዘ ሰው ስለተጻፈ ይመስለናል። «ዓ.ም.»ንም ጸሐፊውና አንባቢው እኩል ያውቁታል። እኅቱ አባቷን በዓይኗ እያየች ስለጻፈች ሁለቱ ፊደላት ለእሷ ሙሉ ቃል ነበሩ፤ እሱ ያለው ግን ከጅማ ወሬ የሚጠብቅ ልብ ብቻ ነበር። እሷ የምታየውን እሱም የሚያይ መሰላት፤ ከስንፍናዋ ይልቅ ስሕተቷ ይህ ነው።

ቆጣቢዎቹ ግን እጅ አልሰጡም፤ «ጥፋቱ የጸሐፊዋ ነው፣ ዘዴው ምን አደረገ?» እንዳሉ ተለያየን። እኅትየው ዛሬ የምትጽፈው በአማርኛ ነው፤ አባቷ ምን እንደበሉ ሳይቀር ስለምትዘረዝር መልእክቷ ሁልጊዜ ከ70 ያልፋል። አሁን የምታማርረው የካርዱን ገንዘብ የምትሰጠው እናቷ ናት።