ስምን መጠበቅና ሐሜት



ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ቤት የምትቀባ ወጣት ነህ እንበል። ቧንቧ ሠራተኛው ‹ነገ እጨርሳለሁ› እያለ ሳምንት ገፋ፤ የገጠመውም አፈሰሰና ቀለምህ ተላጠ። የቤቱ ባለቤት የሚያውቁት አንተን ነው፤ በሰፈሩ የሚነሳውም ያንተ ስም ነው።

እርጥቡን ሸፍነህ ብትቀባ ማታለል ነው። ሻይ ቤት ተቀምጠህ ሰውየውን ብታነሳ ሐሜት ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ለጋብቻ ስለጠየቋት ሁለት ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስታማክር የሁለቱንም ጉድለት በግልጽ ነግረዋታል። ለሚመለከተው ሰው፣ በሚያስፈልገው ልክ፣ ከጉዳት ለማዳን መናገር ሐሜት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለራሱ ንገረው። ካላስተካከለ ለባለቤቱ ያየኸውን ብቻ ንገራቸው፦ ‹ይህ ያፈሳል፤ ሳይጠገን አልቀባም።› ከዚያ አትለፍ። ሰውየውን ያመጣኸው አንተ ከሆንክ ግን በእርሱ አታሳብብ፤ አማናው ያንተ ነው።

ለቀጣዩ ሥራ ማን ምን ሠርቶ መቼ እንደሚያስረክብ ጻፉ። ሱረቱል በቀራህ 282 ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘው ጥርጣሬ እንዳይገባም ነው። መጻፍ ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ወንድማማችነትን ማትረፍ ነው።