የድምፅ አምሳያና የሠሪው ዕዳ

ልጆች «ኩኩሉ» የተባለውን ድብብቆሽ ሲጫወቱ አንደኛው ዐይኑን ጨፍኖ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ የቀሩትም ይሸሸጋሉ። የጮኸው ዶሮ አለመሆኑን ሁሉም ስለሚያውቁ በመካከላቸው ሐሰት የለም። አዳኝ ግን የወፍን ድምፅ አስመስሎ ወፊቱን ወደ ወጥመዱ የጠራት እንደ ሆነ፣ ያው ማስመሰል ማታለል ይሆናል። እንግዲህ ድምፅን ማስመሰል በራሱ ክፉም ደግም ካልሆነ፣ ክፉ ወይም ደግ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ይህ ነገር በዘመናችን የቪዲዮ ጨዋታ ለሚሠሩ ወጣቶች የዕለት ጥያቄ ሆኗል። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት የሠራው፣ አንዲት ዶሮ ከአሳዳጅዋ እየሸሸች የምትሮጥበት ጨዋታ «ኩኩሉ» ተብሎ መሰየሙ የድምፅ አምሳያና ጨዋታ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደ ሆኑ ያስታውሰናል። በፊልም ድምፁ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ያልቃል፤ በጨዋታ ግን ተጫዋቹ ወደ ወደደበት ስለሚዞር ኮምፒውተሩ ድምፁን በየቅጽበቱ እንደ አዲስ ማስላት ይኖርበታል። በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ግድግዳ ሲጋርደው ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋና ወፍራሙ ይቀራል፤ ከቀኝ የመጣውም ድምፅ ለግራ ጆሮ የሚደርሰው ከሴኮንድ 1 ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ይህን ሁሉ የጠበቀ ሠሪ ጆሮን ያሳምናል።

ነገር ግን ጆሮን ማሳመንና እውነትን መናገር አንድ አይደሉም። የሬዲዮና የፊልም ባለሙያዎች ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት እያጋጩ የፈረስ ኮቴ ያሰማሉ፤ ሰሚውም ፈረስ መሆኑን አይጠራጠርም። በዚህ የሚጐዳ የለም፤ የፈረስ ኮቴ ዛሬም ስለሚሰማ፣ የተጠራጠረ ሰው ወጥቶ ሊያመዛዝን ይችላል። ዋናው ድምፅ የጠፋ እንደ ሆነስ?

የአቃቂን ነገር እንውሰድ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር፤ በመጀመሪያ በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ሲሠራ ድምፁ ከአካባቢው ኑሮ ጋር ተዋሕዶ ኖሯል። ዛሬ በዚያ ሐዲድ ባቡር አይሄድም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመርም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለ ሆነ ድምፁ ሌላ ነው። ነገ አንድ ወጣት የቀድሞውን አቃቂ በጨዋታ ለመሥራት ቢነሣና ከባሕር ማዶ የተቀዳ የሌላ ባቡር ድምፅ ቢያስገባበት፣ ያልሰማው ልጅ ያንን የአያቱ ባቡር ነው ብሎ ያምናል፤ የሚያርመው ዋና የለምና። ስለዚህ አምሳያው እየረቀቀ በሄደ መጠን የሠሪው የምስክርነት ዕዳ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። የሰሙትን ሽማግሌዎች ጠይቆ መሥራት፣ ያላገኘውንም በግምት የተሠራ መሆኑን መግለጥ ይገባዋል።

ሁለተኛም ዕዳ አለ። ዐይን ክዳን አለው፤ ጆሮ ግን የለውም። በቃሊቲ መንገድ ዳር ባለ የጨዋታ ቤት ልጆች የጦርነት ጨዋታ ከፍተው፣ የተኩሱ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ወደ ውጭ ይወጣል እንበል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ከተካሄደው ጦርነት የተመለሰ አንድ ወታደር በደጁ ሲያልፍ ያ ድምፅ ድንገት ቢደርስበት፣ ልቡ የሚደነግጠው አእምሮው «ይህ ጨዋታ ነው» ብሎ ሳያስረዳው ነው። ለልጆቹ እንደ ኩኩሉ ንጹሕ የሆነው ጨዋታ፣ እርሱ አልተስማማበትምና የአዳኙ ጥሪ ይሆንበታል።

ታዲያ የጠመንጃው ድምፅ እንደ ርችት ይቅለል ወይ? የሚል ይኖራል። ይህም ሌላ ሐሰት ይሆናል፤ ልጁ ጠመንጃን መጫወቻ ነው ብሎ ይማራልና። መድኀኒቱ ድምፁን ማዋረድ ሳይሆን ሰሚውን ማክበር ነው። ተጫዋቹ ምን እንደሚሰማ አስቀድሞ ይነገረው፤ የድምፁን መጠን ራሱ ይምረጥ፤ የጨዋታ ቤቱም ባለቤት ለልጆቹ የጆሮ ማዳመጫ ይስጣቸው፤ መንገደኛው በሰላም ይለፍ።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። አምሳያውን ደግ የሚያደርገው ከዋናው ጋር ፍጹም አንድ መሆኑ ሳይሆን፣ ሠሪው ለጠፋው ነገር ታማኝ፣ ለሚሰማውም ሰው ግልጽ መሆኑ ነው። ድምፅን ማስመሰል የእጅ ብልኀት ነው፤ ለማን እንደሚያሰሙ ማሰብ ግን የኅሊና ሥራ ነውና፣ ይህን ጥበብ የሚያስተምሩ መምህራን ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያስተምሩ እንመኛለን።