የማያውቀንን ወላጅ ስለ መጦር

በአገራችን ለወላጆች ከሚነገሩት ምርቃቶች ሁሉ የላቀው «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» የሚለው ነው። ይህ ምርቃት ሁለት ግዴታዎችን በአንድነት ያጣመረ ነው፤ አንደኛው በሕይወት ሳሉ መጦር፥ ሁለተኛው ከሞት በኋላ መቅበር ነው። ሁለተኛውን ግዴታ በሚገባ አደራጅተነዋል፤ ዕድር አቋቁመንለታል፥ ድንኳን ገዝተንለታል፥ የወር መዋጮ መድበንለታል፤ ከቀብር የቀረም ሰው በመዝገብ ተጽፎ ይቀጣል። የመጀመሪያው ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየቤቱ ለአንድ ሰው ጫንቃ የተተወ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ይኸንኑ ነው፤ በተለይም ተጧሪው አእምሮው ደክሞ ጧሪውን ለይቶ ማወቅ በተሳነው ጊዜ ግዴታው ምን መልክ እንደሚኖረው ነው።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ እንዳንመለከተው በአንድ ስፍራ ላይ እናሳርፈው። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ካኮ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። ከእንዲህ ያለ ስፍራ የተማሩ ልጆች ሥራ ይዘው ወደ ጂንካ፥ ወደ አርባ ምንጭ፥ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ አንዷ እኅት ግን ከወላጅ ጋር ትቀራለች። አሁን አንዲት እናት አርጅተው መርሳት ጀመሩ እንበል። በመጀመሪያ ያስቀመጡት ዕቃ ይጠፋባቸዋል፤ ቀጥሎም ከገበያ ሲመለሱ መንገዱ ይጠፋቸዋል፤ በመጨረሻ ምግብ ያቀረበችላቸውን ልጃቸውን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ይጠይቋታል። በከተማ ያለው ወንድሟ ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ይልካል። ከሁለቱ ልጆች ግዴታውን የፈጸመው ማን ነው? እናትየውስ የሚደረግላቸውን ካላወቁ ግዴታው እንደ ቀድሞው ጸንቶ ይኖራልን?

መልስ ከመስጠታችን በፊት ስለ ሕመሙ ጥቂት መናገር ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ሁኔታ «ጃጀ» ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዱም ከጡር ይቈጥረዋል። ነገር ግን የአንጎል ሕመም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር፥ በሕይወት ሳለች የመርሳት ምልክት ያየባት አንዲት ሴት ከሞተች በኋላ በአንጎሏ ላይ ያገኘውን ለውጥ ለባልደረቦቹ ገለጠ፤ ከመርሳት ሕመሞች ሁሉ የሚበዛውም ዛሬ በስሙ ይጠራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በመርሳት ሕመም ይኖራሉ፤ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። የጃፓን መንግሥት በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሕመሙ ይጠራበት የነበረውን ስም ሰውን የሚያዋርድ ሆኖ ስላገኘው በሌላ ለወጠው። የስም መለወጥ በሽታን አይፈውስም፤ ዳሩ ግን «ጃጀ» የተባለ ሰው ነገሩ ያለቀለት ሲመስል፥ «ታመመ» የተባለ ሰው አስታማሚ እንደሚያስፈልገው ወዲያው ይታወቃል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። «ካላወቀኝ ምን ባደርግለት ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ሰው እንዲህ ብለን እንጠይቀው፤ አንድ ሰው ገንዘብ አበድሮ ቢረሳ ዕዳው ይሠረዛልን? አበዳሪው በየዕለቱ በሚጠይቅበት ጊዜ መክፈል ከፍርሃትም ሊሆን ይችላል፤ የባለዕዳው ሐቀኝነት በእርግጥ የሚታወቀው ጠያቂ በሌለበት ጊዜ ነው። ወላጁ በሚመርቅበት ዘመን መጦርም እንደዚሁ ነው፤ ምርቃት ራሱ ዋጋ ነውና። ምርቃቱ በቀረበት፥ አንዳንድ ጊዜም በስድብ በተተካበት ቀን የሚጦር ልጅ ግን ምን ፈልጎ እንደሚጦር ለራሱም ለሰውም ግልጽ ይሆናል።

ሆኖም የዕዳ ምሳሌ እስከ መጨረሻው አያደርሰንም። ዕዳ ልክ አለው፤ ተከፍሎም ያልቃል። ደግሞም ክፉ የነበረ ወላጅ አለ፤ ልጁ «ምን አበደረኝ?» ቢል ምን እንመልስለታለን? ስለዚህ ከዕዳው በታች ሌላ መሠረት መፈለግ ያስፈልጋል፤ እርሱም ታማሚው እስከ መጨረሻው ሰው መሆኑ ነው። የልጁን ስም የረሳ ሰው ረኃብን፥ ብርድን፥ ፍርሃትንና ሐፍረትን አልረሳም፤ የቊጣ ድምፅንና የርኅራኄ እጅን ለረጅም ጊዜ ይለያል። እንዳይጠፋ ተብሎ በር ተዘግቶበት ወይም ታስሮ የሚውል ሽማግሌ መታሰሩን ያውቃል። እኛን ማወቁ ለክብሩ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

እንግዲህ ግዴታው ጸንቶ የሚኖር ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ የማን ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ እኛ ደመወዝተኞች ልብ ልንል ይገባናል። ከእኛ መካከል ብዙዎች በወር አንድ ጊዜ ገንዘብ ከላክን ድርሻችንን እንደ ፈጸምን እንቈጥራለን። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው ቤተሰብና የቅርብ ወዳጅ ለአንድ የመርሳት ታማሚ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያህል በመንከባከብና በመጠበቅ ያሳልፋል፤ ከዚህም የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በወር ሲታሰብ 150 ሰዓት ይሆናል። በካኮ የቀረችው እኅት ይህን ሁሉ ሰዓት የምትሰጠው ከእርሻዋ፥ ከገበያዋና ከእንቅልፏ ቀንሳ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ተወላጅ ሲቸገሩ ቀለብ እንዲሰጣጡ ሲያስገድድ፥ ቅርብ ያለውን ልጅ አስገድዶ ሩቅ ያለውን ነጻ አላወጣም። ሸክሙ የሁሉም ከሆነ ሰዓቱም እንደ ገንዘቡ ሊቈጠር ይገባል።

«ልጅ እናቷን ስላስታመመች ገንዘብ ይከፈላታልን? ፍቅር በደመወዝ ይለወጣልን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ነገር ግን መምህር ደመወዝ ስለ ተቀበለ ተማሪዎቹን አይወድም የሚል የለም። ለእኅት የሚሰጠው ገንዘብ የፍቅሯ ዋጋ ሳይሆን የቀረባት ሥራ ምትክ ነው። በዚህ ነገር ሌሎች አገሮችም ተለያይተዋል። ጀርመን በ1995 (እ.ኤ.አ.) ባቋቋመችው የእንክብካቤ መድን በቤት ለሚጦር ሰው በጥሬ ገንዘብ መርዳትን ፈቀደች። ጃፓን ግን በ2000 የራሷን ስትጀምር፥ ገንዘቡ ሴቶችን በቤት አስሮ ያስቀራል የሚለውን ሥጋት ተቀብላ፥ በገንዘብ ፈንታ የሚያግዝ ሰው ወደ ቤት መላክን መረጠች። ከሁለቱም የምንማረው አለ፤ ገንዘብ ያለ ዕረፍት አስታማሚዋን ይጨርሳታል፥ ዕረፍት ያለ ገንዘብ ቤቱን ያስርባል። ስለዚህ ሩቅ ያለው ልጅ ከደመወዙ ብቻ ሳይሆን ከዓመት ፈቃዱም ማካፈል ይገባዋል።

ከቤተሰብ በላይ ያለውም ግዴታ አይዘነጋም። «ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ መንግሥት በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን የጡረታ አዋጅ ሲያወጣ፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ሲደነግግ፥ የልጅን ሥራ በከፊል በራሱ ላይ ወስዷል። ደመወዝ የማያውቀው ገበሬና አርብቶ አደር ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጪ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ እንዲደረግ ያዛል። አቅም እስኪፈቅድ ድረስ ቅርብ ያለው ተቋም ዕድር ነው። ለቀብር የሚሰበሰቡት ጎረቤቶች በሳምንት ግማሽ ቀን ተራ ገብተው ታማሚውን ቢጠብቁ፥ አስታማሚዋ ገበያ ደርሳ ትመለስ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ቤተሰቡም በጊዜ ሊፈጽማቸው የሚገባ ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ መርሳት ሁሉ የማይድን አይደለምና ታማሚው አስቀድሞ በሐኪም ይታይ፤ ከእንቅርት ዕጢ ጉድለት፥ ከቫይታሚን ማነስ፥ ከከባድ ኀዘን ወይም ከሚወሰድ መድኃኒት የሚመጣ መርሳት ሊታከም ይችላል። ሁለተኛ፥ አእምሮው ገና ሳይደክም ስለ ገንዘቡና ስለ ንብረቱ የራሱን ፈቃድ ይናገር፤ በኋላ ውክልና መስጠት አይችልምና። ጊዜው ካለፈም፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት መረዳት የተሳነውን ሰው አስቦበታል፤ ዘመዶች ለፍርድ ቤት አመልክተው አሳዳሪና ሞግዚት ሊያሰይሙለት ይችላሉ። በአውራ ጣት እያስፈረሙ ንብረት መከፋፈል ግን መጦር ሳይሆን በሕይወት ያለን ሰው መውረስ ነው።

እንግዲህ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለመጦርም ተሰብስበው ይምከሩ። ማን ገንዘብ እንደሚልክ፥ ማን ቀን እንደሚሰጥ፥ አስታማሚዋስ በየትኛው ወር እንደምታርፍ በወረቀት ላይ ይጻፉት። ለቀብር ያማረ ድንኳን የሚተክል ቤተሰብ፥ ሟቹ በሕይወት ሳለ ሌሊቱን አብራው ስታድር የነበረችው ልጅ ብቻዋን ከነበረች፥ ከሁለቱ ግዴታዎች የፈጸመው ቀላሉን ብቻ ነው።