ጉዳት ሳያደርስ ስለ ቀረ ጥፋት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንድ ጥያቄ ላቅርብልህ። ሁለት ሾፌሮች በአንድ ቀን፥ በአንድ ዐይነት መኪና፥ አንድ ዐይነት ጥፋት ሠርተው አንደኛው በደኅና ቤቱ ቢገባ፥ ሁለተኛው ግን ሰው ቢገድል፥ ጥፋታቸው እኩል ነውን? ፍርድ ቤት እኩል አይፈርድባቸውም፤ የሟች እናትም እኩል አታያቸውም። ኅሊና ግን ምን ይላል?

ይህን ጥያቄ ያመጣልኝ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ነው። ብዙ ዘመን ረዳት ሆኖ ከሠራ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣና ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ተረክቦ ከአዲስ አበባ ጎጃም መመላለስ ጀመረ። አንድ እሑድ ቡናና ስኳር ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ስለ ሥራው ብጠይቀው እየሣቀ፥ «ጋሼ፥ እኔ የዓባይን ቁልቁለት ማርሹን ዜሮ አድርጌ ነው የምለቀው። የሚተርፈኝን ናፍጣ እሸጠዋለሁ። ይኸው ስንት ጊዜ ወረድሁ፥ አንዲት ዶሮ እንኳ አልነካሁም» አለኝ። እኔም፥ ኀፍረቴን አልደብቅም፥ ቡናውን ተቀብዬ «በል እንግዲህ ተጠንቀቅ» ብዬ ሸኘሁት። ሠላሳ ዓመት ስለ ምግባር ሳስተምር የኖርሁ ሰው የተናገርሁት ይህን ብቻ ነበር።

እርሱ ከሄደ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ወደ ደጀን የሚወስደው ዳገት ይጀምራል። በዚያ መንገድ እኔም በአውቶቡስ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዐይኔን ጨፍኜ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን እጃችንን አፋትገን ጉንጫችን ላይ እንድናደርግ ያዝዘን ነበር። ፍሬን ማለት ይኸው መፋተግ ነው። 400 ኩንታል የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ተይዞ ቢወርድ፥ የሚወጣው ሙቀት አምስት በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። በወረቀት አስልቼዋለሁ፤ የተጠራጠረ ያስላው። ከባድ ማርሽ ገብቶ እንደ ሆነ ሞተሩ ጎማውን ወደ ኋላ እየያዘ ከዚህ ሸክም ብዙውን ይወስዳል። ማርሹ ዜሮ ከሆነ ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወድቃል። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ መኪናው ሩጫ ከጀመረ በኋላም ወደ ከባድ ማርሽ ልመልስህ ቢሉት አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ፥ ከተረፈ፥ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ቋንቋችን እንዲህ ስንል እንዴት እንደሚተባበረን ተመልከት! ጥፋተኛው ፍሬኑ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ናፍጣው ይተርፋል ማለቱም ስሕተት ነው። ማርሽ ገብቶ፥ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ ሲወረድ፥ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለ ሆነ ፓምፑ ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል። ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ማቃጠሉ አይቀርም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ልጁ የሚሸጠው ያተረፈውን ሳይሆን የመኪናውን ባለቤት ናፍጣ ነበር። ይህንኑ አስቀድሜ ልንገረው ብዬ ነበር። ሆኖም ትርፍ የለውም ተብሎ የተወውን ነገር ነገ ሌላ ትርፍ ሲያይበት ይመለስበታል ብዬ ተውሁት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ፥ «ልጄ፥ ከላይ ስትለቀው ከታች ማን እንዳለ ታውቃለህን?» አልሁት።

«አላውቅም፥ ጋሼ።»

«እንግዲያው በመታጠፊያው ላይ ሕፃን ስላልነበረ ምስጋናው የአንተ ነውን?»

ዝም አለ። እኔም ከዚያ በፊት ብዙ ሳወጣ ሳወርድ የቆየሁበትን ነገርሁት። ሾፌሩ በእጁ ያለው ማርሹ፥ መሪውና ፍሬኑ ነው፤ ከታች ሰው መኖሩና አለመኖሩ በእጁ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም ሾፌሮች የሠሩት አንድ ነገር ነው፤ አንደኛውን ያዳነው ጨዋነቱ ሳይሆን የመንገዱ ባዶ መሆን ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ በሁሉ ነገር እኩል ናቸው ለማለት አልደፍርም። የገደለው ሰው ለሟች ቤተ ሰብ ዕዳ አለበት፤ ሄዶ ፊታቸው መቆም አለበት። ያልገደለው ይህ ዕዳ የለበትም። ነገር ግን «ምንም አላጠፋሁም» ብሎ የመተኛት መብት ያለው አይመስለኝም።

ሕጋችንም ሾፌርን እንደ ተራ ሰው አያየውም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ሲናገር፥ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ሰዎች ለይቶ ቅጣታቸውን ያከብደዋል፤ ለምሳሌ የሚጠራቸውም ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። አዲስ ሾፌር ሆይ፥ ከሐኪም ጎን ተጠርተሃል። በሻይ ቤት ስትናቅ ይህን አስበው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የድንጋዩ ነገር ነው። መኪና ዳገት ላይ ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ ለጎማው የድንጋይ ታኮ ያደርጋል፤ ለምልክትም ከኋላ ድንጋይ ይደረድራል። ጥሩ ነው። መኪናው ሲሠራለት ግን ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ትቶ ይሄዳል! በሌሊት ሞተር ሳይክል የሚነዳ አንድ አባወራ በዚያ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ፥ ድንጋዩን የተወው ሾፌር ያን ጊዜ ደጀን ላይ እራቱን እየበላ ነው። የሆነውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይሰማም። «አንድም ሰው አልጎዳሁም» ብሎ ቢምል በቅን ልቡ ይምላል። ይህን ስነግረው ልጁ ፊቱ ተለወጠ፤ ስንት ድንጋይ ትቶ እንደ ሄደ እየቆጠረ ይመስለኛል።

የሚሠራውንም ነገርሁት፤ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀው ነበር። ቁልቁለቱ ሳይጀምር አፋፉ ላይ ቁም፤ ጎማህንና ፍሬንህን እይ፤ ከባዱን ማርሽ እዚያው አስገባ፤ ያንኑ ዳገት ብትወጣው በምትይዘው ማርሽ ውረድ። እንቅልፍ ከመጣብህ ጫት አትጨምርበት፥ ተኛ። የናፍጣውንም ነገር በመጨረሻ ነገርሁት፤ ከሁሉ ይልቅ የተናደደው በዚህ ነበር፥ መቼስ ሰው ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፥ አሁን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው። ከኋላዬ ያሉት ጡሩምባ ይነፉብኛል፤ ሲያልፉኝም ይሰድቡኛል» አለኝ።

«አንተስ ምን ታደርጋለህ?» አልሁት።

«ፊት ለፊቱ ባዶ ሲሆን እጄን አውጥቼ እለፉ እላቸዋለሁ። ባዶ ካልሆነ ግን ይንፉ።»