«ሐራም ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ይበቃልን?

«እኛ አንጠጣም» ብለን የምንኮራ ሙስሊሞች የጫት ነገር ሲነሳ የምናቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሐራም ነው ወይስ ሐላል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ «ዑለማዎች ተለያይተውበታል» የሚለውን ስንሰማ ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ወደ በርጫችን መመለሳችን ትክክል ነውን?

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ጫት በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን የታወቀ እንደነበር የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይመሰክራል። የኢፋቱ ሰብረዲን፣ ሙስሊሞች ይወዱታልና በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱ ተጽፏል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የየመን ዑለማዎች በጫት ጉዳይ ተለያይተው ጥያቄያቸው በመካ ለነበሩት ታላቅ የሻፊዒያ ሊቅ ለኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ቀረበ። እርሳቸውም ራሱን የቻለ ኪታብ ጻፉ። በቁርጥ ሐራም ነው ከማለት ቢቆጠቡም መራቁ እንደሚበጅ አስጠነቀቁ። እኛ ግን የፊተኛውን ይዘን የኋለኛውን ጥለናል።

ለመሆኑ ኸምር የተከለከለው እንዴት ነበር? በመጀመሪያ በሱረቱል በቀራ (2፡219) ጥቅም እንዳለው፣ ጥፋቱ ግን እንደሚበልጥ ተነገረ። ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ (4፡43) ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳ (5፡90-91) ፈጽሞ እርም ሲሆን ምክንያቱ አብሮ ተገለጸ፤ በሰዎች መካከል ጠላትነትን ይዘራል፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላት ያግዳል። የመዲና ሰዎች ይህን እንደሰሙ መጠጣቸውን በየመንገዱ አፈሰሱት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1920 አልኮልን በሕግ ከልክላ በ1933 ሕጉን ሽራዋለች። ልብ ያላመነበትን ነገር ፖሊስ ብቻውን አያስተውም።

እንግዲህ ምክንያቱ የተነገረን ልንመዝንበት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ያነቃቃል እንጂ እንደ አልኮል አያሰክርም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ምርቃናው ዐስርን ከመግሪብ ጋር ካዋሃደብን፣ ለልጆች ዳቦ የታሰበው ገንዘብ ለእስር ጫት ከዋለ፣ ሀራራው በቤተሰብ ላይ የሚያስቆጣ ከሆነ፣ የማኢዳው ምክንያት ከደጃችን ቆሟል ማለት አይደለምን? ከዚህ የከፋው ደግሞ «ጨብሲ» ነው። ምርቃና ለመስበር ተብሎ ወደ መጠጥ ቤት የሚገባ ወጣት ማታ የሚጠጣው ያንኑ «አንጠጣም» ያልነውን ነው።

አንዳንዶች «አባቶቻችን ለሌሊት ዒባዳ መንቂያ አድርገውታል» ይላሉ። እነዚያን አባቶች ልኮንን አልደፍርም። እኛ ግን ዒባዳውን ትተን መንቂያውን ብቻ ወርሰናል። ከጫት እርሻ የሚኖረውን ገበሬም አልወቅስም፤ ጥያቄዬ በጠራራ ፀሐይ ሥራውንና ትምህርቱን ትቶ ለሚቃመው ለእኛ ለከተሜዎቹ ነው።

ኢማሙ ገዛሊ ሸሪዓ ከሚጠብቃቸው አምስት ነገሮች መካከል ዲንን፣ ነፍስን፣ አቅልንና ገንዘብን ቆጥረዋል። ሐራም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፈትዋ ለባለቤቶቹ ለዑለማዎች እንተው። ከእነዚህ አማናዎች የትኛውን በየቀኑ እየከፈልንበት እንደሆነ መመርመር ግን የየራሳችን ፈንታ ነው። የቂያማ ዕለት ዕድሜያችንን በምን እንዳሳለፍን ስንጠየቅ «ዑለማዎች ተለያይተውበት ነበር» የሚለው መልስ የሚያድነን አይመስለኝም።

አላህ አቅላችንን ይጠብቅልን። አሚን!